«ዘ ሻይኒንግ»፦ የኩብሪክ ፊልም ወይስ የኪንግ ድራማ?

የስቴፈን ኪንግን የ1977 አስፈሪ ልብ ወለድ «ዘ ሻይኒንግ»ን የወደደ ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ ስታንሊ ኩብሪክ በ1980 የሠራው ፊልም፣ ወይም ኪንግ ራሱ ስክሪፕቱን የጻፈለት የ1997ቱ ባለ ሦስት ክፍል የቴሌቪዥን ድራማ።

ፊልሙን ከወቀሱት አንዱ ደራሲው ራሱ ነው። በመጽሐፉ ጃክ ቶራንስ በክረምት የተዘጋ ሆቴል ለመጠበቅ የተቀጠረ፣ ከመጠጥ ጋር የሚታገል፣ ልጁን የሚወድ አባት ነው፤ የሚበላሸው ቀስ በቀስ ነው። በፊልሙ እሱን የሚጫወተው ጃክ ኒኮልሰን ግን ገና ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተቀምጦ ፈገግ ሲል «ይሄ ሰውዬ ጤነኛ አይደለም» ያሰኛል። መጨረሻውም ተገልብጧል፦ በመጽሐፉ የማሞቂያው ቦይለር ፈንድቶ ሆቴሉ ይጋያል፤ በፊልሙ ጃክ በረዶ ውስጥ ደርቆ ይቀራል። አንባቢ ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ድራማው ታማኝ ነው። የተቀረጸውም ኪንግን ለመጽሐፉ ባነሳሳው የኮሎራዶው ስታንሊ ሆቴል ነው። ግን ሳነብ ፀጉሬን ያቆሙት በእንስሳ ቅርጽ የተከረከሙ ቁጥቋጦዎች፣ እዚህ በኮምፒውተር ተሠርተው ሲንቀሳቀሱ ያስቃሉ። (ኩብሪክ በእነሱ ፋንታ መውጫው የሚጠፋ የአጥር መንገድ አስገብቶ ተገላግሏል።)

እኔ ፊልሙን እመርጣለሁ፣ ያውም መጽሐፉን ለሁለት ሰዓት ረስቼ። የጃክ ልጅ ትንሹ ዳኒ በባለ ሦስት እግር ብስክሌቱ ኮሪደሩን ሲዞር ጎማው ጣውላው ላይ ይንጓጓል፣ ምንጣፍ ላይ ሲወጣ ጸጥ፣ እንደገና ጣውላ። ድራማው ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ደቂቃ አላገኘሁም።