የሐረር የሕክምና ታሪክ፦ ከሚሲዮኑ ደብዳቤ ወይስ ከጣሊያን ሰነድ?

የሐረርንና የድሬዳዋን የሕክምና ታሪክ ለማጥናት ለተነሳ ሰው ሁለት ዋና የሰነድ ክምችቶች አሉ፦ የፈረንሳይ ካፑቺን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ሚሲዮናውያን ጽሑፍና የጣሊያን ወራሪ አስተዳደር (1936–1941 እ.ኤ.አ.) ትቶት የሄደው ወረቀት።

የሚሲዮኑ ዘመን ይረዝማል። የሐረር የሥጋ ደዌ መንደር የተመሠረተው በ1901 እ.ኤ.አ. ነው። የሚሲዮኑ ጳጳስ አባ እንድርያስ ጃሮሶም በከተማዋ አሥርት ዓመታት ኖረዋል። የእጅ ጽሕፈት ፈረንሳይኛ ዓይን ያደክማል፤ ግን ሕመምተኛው ሰው ሆኖ ይታያል፦ ከየት መጣ፣ ማን አመጣው፣ ማን ሸሸው። ታዲያ ለአውሮፓ ለጋሾች የተላከ ደብዳቤ ሆድ ለማባባት ጭምር የተጻፈ መሆኑ አይዘነጋ። አንጀት የሚበላ ታሪክ ሲያጋጥም ለማን እንደተላከ መጀመሪያ ማየት ይበጃል። የአገሬው መድኃኒት አዋቂም እዚያ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው በነቀፌታ ነው።

የጣሊያኑ በአብዛኛው በታይፕ የተጻፈ ስለሆነ ለማንበብ ይቀላል፤ ብዙው ሮም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቤተ መዛግብት ይገኛል። ለወረርሽኝ፣ ለክትባትና ለከተማ ጽዳት ጥያቄ ይህ ይሻላል። ነገር ግን ነጩንና «ተወላጁን» በሕግ የለየ አስተዳደር የሠራው ሠንጠረዥ በቅድሚያ የሚነግረን ወራሪው ምን እንደፈራ ነው። ሐኪም ፊት ያልቀረበ በሽተኛ አይቆጠርም።

እኔ ብመርጥ በሚሲዮኑ እጀምራለሁ። ድሬዳዋ ላይ ግን ሚዛኑ ይለወጣል፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ስለሆነች የምድር ባቡር ኩባንያው ወረቀት ከሁለቱም ሊቀድም ይችላል።