ሥራ ሳይለቁ የዓለም አቀፍ ፖሊሲ ማስተርስ፦ ከባሕር ዳር ሆኖ የቱ ያዋጣል?

ባሕር ዳር ላይ በውኃ ቢሮ፣ በእርዳታ ድርጅት፣ በአካባቢ ጥበቃ ወይም በጋዜጠኝነት የሚሠራ ሰው የዓለም አቀፍ ፖሊሲ ማስተርስ ቢመኝ አያስደንቅም። እዚህ የሚሠራው ሥራ ራሱ ድንበር ይሻገራል። ከጣና የሚወጣው ዓባይ የስንት አገር ጉዳይ ነው። የተፋሰሱ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ላይ በሕግ የጸና ሆኗል። ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለ አፍሪካ ፀጥታ የሚመከርበት የጣና ፎረምም በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው እዚሁ ከተማ ነው።

ፍላጎቱ አለ። ግን ሰኞ ጠዋት ቢሮ መግባት አለ፣ ቤተሰብ አለ፣ ደመወዙም በብር ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ዛሬ አራት መንገድ አለ፦ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን መማር፣ እዚሁ ቅዳሜና እሁድ መማር፣ አዲስ አበባ መመላለስ፣ ወይም ስኮላርሺፕ አግኝቶ መውጣት። ሥራችሁ ከመስኩ ጋር የሚገናኝ ከሆነ እኔ አትልቀቁት ባይ ነኝ። በዚህ ትምህርት ሥራው ራሱ ግማሽ ክፍል ነው።

ኦንላይን

መጀመሪያ የሚጠየቀው ትምህርቱ በቀጥታ ነው ወይስ ተቀርጾ የሚጫን የሚለው ነው። ብዙ ሰው የዩኒቨርሲቲውን ስም አይቶ ይመዘገባል፣ ሰዓቱን የሚያየው በኋላ ነው።

ለንደን ውስጥ ከምሽቱ 12 ሰዓት የሚጀምር ሴሚናር በእነሱ በጋ እኛ ዘንድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ጥቅምት ላይ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 3 ሰዓት ይሆናል። ልጆች ከተኙ በኋላ ስለሆነ ይቻላል። ያው ሴሚናር ኒው ዮርክ ላይ ከሆነ ግን እኛ ጋ የሚጀምረው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ በእነሱ ክረምት ደግሞ 8 ሰዓት። በማግስቱ ጠዋት ቢሮ መግባት ያለበት ሰው ይህን ሁለት ዓመት አይዘልቀውም። ስለዚህ የአሜሪካ ፕሮግራም ከወደዳችሁ፣ ቀጥታ መገኘት ግዴታ ያልሆነበትን ብቻ ፈልጉ። አንድ ወጥመድም አለ። «ለሠራተኞች የተዘጋጀ» ወይም «የቅዳሜና እሁድ» የሚባሉት አንዳንዶቹ በአካል ክፍል ገብተው የሚማሯቸው ናቸው። ዋሽንግተን ለሚኖር ሠራተኛ የተሠራ ነገር ለእኛ አይሆንም።

ቀጥሎ ኔትወርክ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የምታስታውሱት ነው። ይህን ያየ ሰው ዩኒቨርሲቲውን ከመመዝገቡ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ አለበት፦ ኢንተርኔት ቢጠፋብኝ ሴሚስተሩን ማቋረጥ እችላለሁ? የከፈልኩት ወደሚቀጥለው ይዞርልኛል? ትምህርቱን ለመጨረስ እስከ ስንት ዓመት ይፈቀዳል? ጊዜው ሰፋ ያለ ፕሮግራም፣ ስሙ ከገነነ ግን ከማያንቀሳቅስ ፕሮግራም ይሻላል።

የማውቃት አንዲት የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንደገባች የሳምንቱን ንባብ በሙሉ አውርዳ ፍላሽ ላይ ትገለብጣለች። ዋናዎቹን ታትማለች፣ መብራት ቢሄድም በቀን ብርሃን ታነባለች። አንድ ቀን ወረቀቶቿን አሳየችኝ። ስለ ስደተኞች ጥበቃ በሚያወራ ገጽ ጠርዝ ላይ፣ በዚያው ሳምንት መጠለያ ጣቢያ ውስጥ የእህል እደላው ለምን እንደዘገየ በእስክሪብቶ ጽፋለች። ቀጣዩ የጽሑፍ ሥራዋ የተነሳው ከዚያች ማስታወሻ ነው። ሥራ ይዞ መማር ይህን ይሰጣል።

በዚህ መስክ በርቀት እንዲሰጡ ታስበው ከተዘጋጁት ውስጥ የለንደን ዩኒቨርሲቲ የስደተኞች ጥበቃና የግዳጅ ፍልሰት ማስተርስና የሶአስ (እዚያው ለንደን ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው) የግሎባል ዲፕሎማሲ ማስተርስ ይገኙበታል። ከተፈናቃዮች ጋር ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው፣ ከድርድርና ከውጭ ግንኙነት ጋር ለሚሠራ ሁለተኛው ይቀርበዋል።

ክፍያው ነው ከባዱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። ከዚያ በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ10,000 ዶላር ክፍያ ድሮ 570,000 ብር ገደማ ይሆን ነበር፣ ዛሬ ከሚሊዮን ብር በላይ ነው። ስለዚህ በኮርስ በኮርስ የሚያስከፍል ፕሮግራም ምረጡ፤ አንዱን ሞክራችሁ ትቀጥላላችሁ። የኮመንዌልዝ የርቀት ትምህርት ስኮላርሺፕ ማስታወቂያ በቴሌግራም ሲዘዋወር ታዩ ይሆናል። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች ለእኛ አይሠራም፤ ጊዜ አትፍጁበት።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር ሳታደርጉ አንድ ብር እንዳትከፍሉ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የውጭውን ዲግሪ፣ በኦንላይን የተገኘውን ጨምሮ፣ እንዴት እንደሚያየው ጠይቁ። የሰው ኃይል ክፍላችሁንም ጠይቁ። ተምሮ ጨርሶ ለደረጃ እድገት «አቻ ግምት አምጣ»፣ ማለትም ዲግሪህ ከአገር ውስጡ ጋር እኩል መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ አምጣ፣ መባል ልብ ይሰብራል።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ

ዕውቅናው አያከራክርም፣ ክፍያው በብር ነው፣ ከፔዳ ግቢ ወደ ቤት በባጃጅ ትመለሳላችሁ። «ግሎባል ፖሊሲ» የሚል ስም ላይ ሙጭጭ ካላላችሁ የሚቀርበው የፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ጥናት ነው። በጎን ደግሞ የአደጋ ስጋት አስተዳደርና የምግብ ዋስትና ጥናት አለ፤ የዓባይ ውኃ ኢንስቲትዩትም እዚሁ ነው። የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው አሁን ብሔራዊ ስለሆነ፣ ከቁጥርና ከእንግሊዝኛ ርቃችሁ ከቆያችሁ ቀደም ብላችሁ ተዘጋጁ።

ድክመቱን ልናገር። የክፍል ጓደኞቻችሁ በአብዛኛው እንደ እናንተው የክልሉ ሠራተኞች ናቸው። የናይሮቢውን ወይም የካይሮውን ሰው ክርክር በአካል አትሰሙም፤ ለዓለም አቀፍ ፖሊሲ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። የቅዳሜና እሁድ ክፍል በቂ ተማሪ ካላገኘ ላይከፈትም ይችላል፤ ሬጅስትራር ሄዳችሁ የዘንድሮውን አጣሩ። ኮርሱ አልቆ የመመረቂያ ጽሑፉ የሚንጠለጠልበት ሰውም ብዙ ነው። አማካሪ መምህር ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ፈልጉ።

ርዕሱ ግን ደጃችሁ ነው። እምቦጭን ብቻ ውሰዱ። ከሌላ አህጉር የመጣ አረም ነው፣ ጣና ላይ ከታየ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ የዓሣ አጥማጁን ኑሮ ነክቷል፣ የዓለም አቀፍ የአካባቢ ስምምነቶችንም ይመለከታል። ለንደን የተቀመጠ ተማሪ ለዚህ መረጃ የበጀት ማመልከቻ ይጽፋል። እናንተ ቅዳሜ ጠዋት ጀልባ ተሳፍራችሁ ጎርጎራ መስመር ያሉትን አጥማጆች ታናግራላችሁ።

አዲስ አበባ መመላለስ

አልመክርም። በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መንገዱም አስተማማኝ አይደለም። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆንም ትኬቱ በየሳምንቱ አይቻልም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና የፀጥታ ጥናት ኢንስቲትዩት ጥሩ ስም አለው፤ መሥሪያ ቤታችሁ ወደዚያ ካዛወራችሁ ግን ያኔ አስቡበት።

ስኮላርሺፕ

የእንግሊዙ ቼቭኒንግ፣ የጀርመኑ ሄልሙት ሽሚት፣ የአውሮፓው ኢራስመስ ሙንዱስ ሙሉ ወጪ ይሸፍናሉ። ሁሉም የሙሉ ጊዜ ናቸው፤ ሥራ ይዞ አይሆንም። ለቼቭኒንግ ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፣ ስትጨርሱም አገር ተመልሳችሁ 2 ዓመት መቆየት አለባችሁ። መሥሪያ ቤታችሁ የትምህርት ፈቃድ ሰጥቶ ቦታችሁን የሚጠብቅ ከሆነ፣ ከዚህ የተሻለ የለም። ልቀቁ የሚላችሁ ከሆነ ግን ተመልሳችሁ የምትቀመጡበትን ወንበር አስቡ።

የእኔ ምርጫ እንግዲህ ይህ ነው። ድርጅታችሁ የክፍያውን ግማሽ እንኳ ከቻለ፣ ተቀርጾ የሚጫን ትምህርት ያለውን የውጭ ኦንላይን ውሰዱ። ከኪሳችሁ ከሆነ የምትከፍሉት፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቡና የዶላሩን ገንዘብ ለጥናታችሁ አውሉት፤ ስኮላርሺፑንም በየዓመቱ ከማመልከት አትቦዝኑ። ድርጅቱ ሲከፍል ግን «ከተማርክ በኋላ ይህን ያህል ዓመት አገልግል» የሚል ውል ያስፈርማል። ዓመቱን፣ ብትለቁ የምትመልሱትንም ገንዘብ በብር ነው ወይስ በዶላር የሚለውን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ።