ባሱን 100 ላይ ተዉት፦ የቢ450 ማዘርቦርድ ከወራት ሥራ በኋላ

ይህን ማዘርቦርድ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ በየቀኑ እየሠራሁበት ነው። አዲስ አበባ፣ አምባሳደር አካባቢ ባለችው ክፍላችን የሰርግ ቪዲዮ እናቀናብራለን፤ ኮምፒውተሩ ጠዋት ይከፈታል፣ በሰርግ ወቅት ደግሞ ሬንደር ሲያደርግ (የተቀናበረውን ወደ መጨረሻው ቪዲዮ ሲቀይር) ያድራል። ቺፕሴቱ (በቦርዱ ላይ ክፍሎችን የሚያገናኘው ቺፕ) የኤኤምዲ ቢ450 ነው፣ ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 3600፣ ራሙ 3600 ተብሎ የተሸጠ ሁለት ባለ 16 ጊጋባይት። የምለው በዚህ ቺፕሴት ለተሠሩ አብዛኞቹ ቦርዶች ስለሚሠራ የአምራቹን ስም ትቼዋለሁ። ቦርዱ ዋጋውን የሚያወጣ ነው፤ ግን ጥቅሙ ብዙ ሰው በሚፈልግበት ቦታ አይደለም ያለው።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ከነቦርዱና ከነራሙ መግዛት ለእንደኛ ዓይነቱ ትንሽ ሥራ ከባድ ሆኗል። ስለዚህ እጃችን ላይ ያለውን በደንብ ማወቅ ያዋጣል። እዚህ ላይ አሮጌ ትምህርት ብዙ ሰው ያሳስታል።

በኢንቴል ኮር 2 ፕሮሰሰሮች ዘመን ፍጥነት የሚጨመረው በባሱ፣ ማለትም ሌሎቹ ፍጥነቶች በሚሰሉበት መሠረታዊ የሰዓት ምት በኩል ነበር። ኮር 2 ኳድ ኪው6600ን እንውሰድ፤ ባሱ 266 ሜጋኸርዝ፣ ማባዣው (ባሱ የሚባዛበት ቁጥር) 9፣ ውጤቱ 2.4 ጊጋኸርዝ። ማባዣው ከ9 በላይ ስለማይወጣ ባሱን ወደ 333 ያደረገ ሰው 3 ጊጋኸርዝ ያገኝ ነበር። የራም መቆጣጠሪያው ያኔ በቺፕሴቱ ውስጥ ስለነበር ባሱ ሲነሣ ቺፕሴቱም አብሮ ይፈጥን፣ አብሮ ይግል፣ ቮልቴጅም ይጠይቅ ነበር። «የቺፕሴት ፍሪኩዌንሲ» የሚባለው ነገር ትርጉም የነበረው በዚያ አሠራር ነው። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2003 በአትሎን 64፣ ኢንቴል ደግሞ በ2008 በኮር አይ7 የራም መቆጣጠሪያውን ወደ ፕሮሰሰሩ አስገቡት። የዛሬው ቢ450 የሚያስተናግደው ዩኤስቢን፣ ሳታ ዲስኮችንና የመሳሰሉትን ነው፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኘውም ግራፊክስ ካርድና ፈጣን ዲስክም በሚጠቀሙበት መገናኛ፣ በአራት የፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 መስመሮች ነው። እሱን በማፍጠን የሚገኝ ነገር የለም።

ባሱ ግን አሁንም አለ፤ 100 ሜጋኸርዝ ነው። በወረብ ላይ ከበሮው ሲፈጥን የሁሉም እግር አብሮ እንደሚፈጥን፣ ይህን ቁጥር የነካ ሰው ሁሉንም ይነካል። በ103 ስናሰላው 36 ጊዜ የሚባዛው ፕሮሰሰር ከ3600 ወደ 3708 ይወጣል፣ 3600 የነበረው ራምም እንዲሁ 3708 ይሆናል። ይህ ጥሩ ነው እንበል። ነገር ግን የተለየ ሰዓት ሰጪ (የሥራ ምቱን ለብቻው የሚያመነጭ ክፍል) በሌላቸው ቦርዶች ላይ 100 ሆኖ መቆየት ያለበት የፒሲአይ ኤክስፕረስ ሰዓትም አብሮ 103 ይሆናል፤ ግራፊክስ ካርዱና ኤንቪኤምኢ ዲስኩ የተሠሩት ደግሞ ለ100 ነው። ቦርዱን የገጠመልን ወጣት ቴክኒሻን «እትዬ፣ ባሱን 103 ያድርጉት፤ ልዩነቱን ያዩታል» ብሎኝ ነበር። አድርገን አየነው። የሬንደሩ ጊዜ የሚያስደስት ያህል አላጠረም፤ ዲስኩ ግን ኮምፒውተሩ ሲነሣ አንዳንዴ አልታይ ይል ጀመር። የደንበኛ ሰርግ ያለበት ዲስክ ነው። ለሦስት በመቶ ፍጥነት እንዲህ ያለ አደጋ ውስጥ መግባት አይገባም፤ ወደ 100 መለስኩት፤ ዲስኩም ከዚያ ወዲህ አስቸግሮኝ አያውቅም።

እውነተኛው ጥቅም ያለው በሦስት ሌሎች ሰዓቶች ላይ ነው፦ የራሙ፣ የራም መቆጣጠሪያው፣ እና ኢንፊኒቲ ፋብሪክ የሚባለው የፕሮሰሰሩ የውስጥ መገናኛ። በራሙ ሳጥን ላይ የተጻፈው 3600 በሰከንድ የሚደረገው የዝውውር ብዛት በሚሊዮን ነው፤ ዲዲአር በአንድ የሰዓት ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ ትክክለኛው ሰዓት 1800 ሜጋኸርዝ ነው። ፋብሪኩም 1800፣ መቆጣጠሪያውም 1800 ሲሆን ሦስቱ እኩል ይራመዳሉ፤ መረጃ እየተጠባበቀ አይቆምም። የእኔ ራም መጀመሪያ ሲሰካ የሠራው በ2133 ነበር፤ በባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው የቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያሠራውን ኤክስኤምፒን ማብራት ያስፈልጋል። በሁለት ቻናል (በራሙና በፕሮሰሰሩ መካከል ባለ መተላለፊያ) ሲሰላ 2133 በሰከንድ 34 ጊጋባይት ያህል ያስተላልፋል፣ 3600 ደግሞ 57.6። በከፍተኛ ጥራት የተቀረጹ የብዙ ካሜራ ምስሎችን ጎን ለጎን ከፍቼ ስቆርጥ ልዩነቱን በግልጽ አየዋለሁ፤ ምስሉ መንተባተብ ትቷል። የመጨረሻው ሬንደር ላይ ያለው ለውጥ ግን ትንሽ ነው፤ እሱ በዋናነት የፕሮሰሰሩ ኮሮች ሥራ ነው። የራም ዘንጎቹን ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ቀዳዳ ላይ ሰኩ፤ አጠገብ ለአጠገብ ከተሰኩ በአንድ ቻናል ብቻ ሊሠሩ ይችላሉ፣ የመተላለፊያው አቅምም በግማሽ ይወድቃል።

ከ3600 በላይ መሄድ ለሚፈልግ፦ የራይዘን 3000 ቤተሰብ ከዚህ ሲያልፍ፣ በእጅ ካልተስተካከለ፣ የመቆጣጠሪያውን ሰዓት በግማሽ ይቀንሰዋል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሥራው ይዘገያል። ፋብሪኩን በእጅ 1866 ማድረግ ይቻላል፤ አንዳንዱ ፕሮሰሰር ይችለዋል፣ የእኔ ግን አልቻለውም። ምልክቱ ድንገተኛ መዘጋት አልነበረም፤ ድምፅ ተቆራረጠ፣ በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ላይም ቁጥር 19 የሆነ የሃርድዌር ስህተት ተደረደረ። ይህን መዝገብ ሳይከፍቱ «ተረጋግቷል» ማለት አይቻልም። ቮልቴጅን በተመለከተ ራሙን 1.35፣ ኤስኦሲ የሚባለውን (የራም መቆጣጠሪያው ያለበትን የፕሮሰሰሩን ክፍል) 1.1 ላይ በእጅ አስሬዋለሁ።

አሁን ቅሬታዬ። መብራት ብልጭ ብሎ ሲጠፋና ሲመለስ ይህ ቦርድ አንዳንዴ ራሙን ማስነሣት ያቅተውና በጸጥታ ወደ 2133 ይመለሳል። የሚያሳየው መልእክት ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ስክሪኑ እስኪበራ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ያለ ምንም ችግር የሚሠራ ይመስላል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። በክረምቱ መብራት በተመላለሰ ቁጥር ይህ ስላደከመኝ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ገዛሁ፤ ችግሩ በአብዛኛው ቀረ። አሁንም መብራት ከሄደ በኋላ ታስክ ማናጀርን ከፍቼ የሜሞሪውን ፍጥነት ሳላይ ሥራ አልጀምርም። ባዮስ ማሻሻልንም ያለ ዩፒኤስ በፍጹም አትሞክሩ፤ በመሃል መብራት ከጠፋ ቦርዱ ላይነሣ ይችላል። ሌላው ቅሬታ የፋብሪኩ ማስተካከያ በሁለት የተለያዩ ገጾች ላይ መኖሩ ነው፤ በአንዱ የሞላችሁትን ሌላው ሊሽረው ስለሚችል ሁለቱንም ተመልከቱ።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው፣ ስለዚህ ማራገቢያ በባሕር ዳርቻ ከተማ የሚያደርገውን ያህል ሙቀት አይወስድም። ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣው ማቀዝቀዣ ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር ሲደረግ ጮኸ፤ በትልቅ ቀይሬዋለሁ። ማባዣውን በእጅ አልነካሁትም፤ ይህ ፕሮሰሰር ሲቀዘቅዝ ራሱ እስከ 4.2 ጊጋኸርዝ ይወጣል።

ያገለገለ ቦርድ ለምትፈልጉ፣ ቺፕሴቱ ኤ320 ከሆነ ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ ማድረግን (ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራትን) ስለማይፈቅድ በዋጋ ርካሽነቱ ብቻ አትውሰዱት። ቢ450 ባዮሱ ከተሻሻለ የራይዘን 5000 ቤተሰብንም ይቀበላል፤ እኔም ከሚቀጥለው የሰርግ ወቅት በፊት ቦርዱንና ራሙን ሳልለውጥ ፕሮሰሰሩን ብቻ ከዚያው ቤተሰብ ወደሆነው 5800ኤክስ3ዲ ለመቀየር ዋጋ እየጠየቅሁ ነው።