ደቢያን ሀርድን ሞከርኩት፣ እነሆ ሪቪው

ሰላም ጓዶች፣ ደቢያን ሀርድ 2025ን (በሊኑክስ ፋንታ ሀርድ በሚባል ሲስተም ላይ የሚሄድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው) እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በኪውኢሙ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ጭኜ እየነካካሁት ነው። ቶሎ ልንገራችሁ፣ ለስራ አይሆንም፣ ለመማር ግን አሪፍ ነው። 64 ቢት ገብቶለታል፣ የኤፍቲፒ (ፋይል ማስተላለፊያ) ሰርቨርን ያለ ሩት (የአስተዳዳሪ) ፈቃድ እንደ ፎልደር መክፈት ይቻላል፣ እሱ ነገር በጣም ነው የተመቸኝ።

ብዙ ሰው ከ1990 ጀምሮ እየተሰራ እንዴት እዚህ ቀረ ይላል። ከስሩ ያለው ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ማክ (Mach፣ የአፕሉ ማክ ኮምፒውተር አይደለም) ነው፣ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ስራ፣ አፕልም ለራሱ ወስዶታል፣ ግን በፕሮግራሞች መሀል መልእክት ማመላለሱ ቀርፋፋ ነው ተባለና ሀርድን የሚሰሩት ልጆች የጀርመኑ ዮኸን ሊድትከ ወደሰራው ኤል4 ወደሚባል ከርነል እንዙር አሉ። ኤል4 ትንሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ በ2005 ከልጆቹ አንዱ ማርከስ ብሪንክማን የመጀመሪያዋን ፕሮግራም አስነሳበት። ከዛስ? ኤል4 ትንሽ የሆነው ስራውን ላንተ ስለተወልህ ነዋ! ሜሞሪውን ማን ያከፋፍል፣ የማን ፈቃድ ለማን በምን ዋስትና ይተላለፍ፣ ሁሉንም ራስህ ከላይ መገንባት አለብህ፣ በዛ ላይ ዲዛይኑ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ገባና ኮዮቶስ ወደሚባል ሌላ ከርነል ሲያዩ፣ ሌላው የሀርድ ሰሪ ኒል ዎልፊልድ ደግሞ ቪየንጉስ የሚል የራሱን ከርነል ሲጀምር፣ ሁሉም መንገድ ላይ ቀረ። ዛሬም በማክ ነው የሚሄደው። እኔ በበኩሌ አልፈርድባቸውም።

አንድ ነገር፣ ፋይል ሲስተሙ ኤክስት2 ነው፣ ጆርናል (ድንገት ቢጠፋ ፋይል እንዳይበላሽ ለውጡን ቀድሞ የሚመዘግብ) የለውም፣ እንደኛ ሰፈር መብራት ድንገት እልም የሚልበት ካላችሁ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ እንዳትሞክሩት። ከ5 3 ሰጥቼዋለሁ።