ተግሣጽና በበርበሬ ማጠን፦ ሕጉ የት ላይ ይለያቸዋል?

እንበል መንዝ ውስጥ አንድ እረኛ ልጅ ጨዋታ ይዞት በጎቹ የሰው ገብስ ገቡ። አንዱ አባት ይቆጣዋል፤ ባለገብሱ ቤት ወስዶ «በል፣ ጋሼን ይቅርታ ጠይቅ» ይለዋል፤ ኳስም ይከለክለዋል። ሌላው እጁን አስሮ በበርበሬ ያጥነዋል።

የመጀመሪያው ሕጋዊ ነው። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 258 ለልጅ አስተዳደግ አስፈላጊውን የዲሲፕሊን እርምጃ መውሰድን ይፈቅዳል።

ሁለተኛው ወንጀል ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ልጅን ማንገላታት፣ ያለ ጠባቂ መተው፣ ከአቅም በላይ ማሠራትና መደብደብን እስከ 3 ወር በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። ከባድ ጉዳት ካደረሰ እስራቱ ከ1 ዓመት አያንስም፤ የቤተሰብ መብትም ይሻራል። የበርበሬ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። አስም ያለበትን ልጅ ሊገድል ይችላል። «እኛም ታጥነን ነው ያደግነው» ማለት ችሎት ፊት አያድንም።

አስቸጋሪው መሃሉ ነው፤ ቁንጥጫና አርጩሜ። አንቀጽ 576 ራሱ ሕግን የማይቃረን የማረሚያ እርምጃን ነፃ ያደርጋል፤ ልኩን ግን አልቆጠረም። እኔ አርጩሜው ጨርሶ ባይነሳ እላለሁ፤ የተናደደ እጅ ልክ አያውቅም። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ክርክር የለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን ከአካል ቅጣት ይጠብቃል።