በጃይፑር ለመስክ ጥናታችን ላገዙን ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

በህንድ ራጃስታን ግዛት፣ በጃይፑርና በአካባቢዋ ባሉ መንደሮች እግራቸውን ያጡ ሰዎች በሰው ሠራሽ እግር እንዴት እንደሚኖሩ ስናጠና፣ አስተርጓሚም መንገድ መሪም ሆነው ያገለገሉንን ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግን እወዳለሁ። ህንድ ውስጥ ትምህርታችሁን የምትከታተሉና ተመሳሳይ ጥናት ያሰባችሁ ኢትዮጵያውያንም ሥራ ሳትጀምሩ እንድታነጋግሯቸው እጠቁማለሁ። ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም። ለረጅም ዓመታት ሰው ሠራሽ እግር ሲሠሩ የኖሩ፣ ራሳቸውም ከጉልበት በታች በሰው ሠራሽ እግር የሚራመዱ ሰው ናቸው።

ጃይፑርን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። «የጃይፑር እግር» የተባለው ሰው ሠራሽ እግር የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1968 በዚያው ከተማ፣ በሳዋይ ማን ሲንግ ሆስፒታል፣ በዶክተር ፕራሞድ ካራን ሴቲና በእጅ ጥበብ ባለሙያው በራም ቻንድራ ሻርማ ነው። ከውጭ የሚመጣው እግር ቁርጭምጭሚቱ የማይታጠፍና ያለ ጫማ የማይሆን ስለነበር፣ በባዶ እግሩ ለሚያርስ፣ ቁጢጥ ብሎ ለሚሠራና መሬት ላይ እግሩን አጣጥፎ ለሚመገብ ሰው አይመችም ነበር። ዲ. አር. መህታ እ.ኤ.አ. በ1975 ያቋቋሙት ባግዋን ማሃቪር ቪክላንግ ሳሃያታ ሳሚቲ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅትም ይህን እግር በነጻ ያድላል። የእግሩ መግጠሚያ፣ ማለትም የተቆረጠው እግር የሚገባበት ክፍል፣ አሠራሩ ለዓይን ቀላል ይመስላል፤ የተቆረጠው እግር ልክ በጀሶ ይወሰዳል፣ ከዚያም ለውሃ መስመር የሚያገለግለውን ዓይነት ወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ በምድጃ አለስልሰው በጀሶው ቅርጽ ላይ ያለብሱታል።

የእኚህ ባለሙያ ዋጋ ጎልቶ የታየን ግን ከወርክሾፑ ውጭ ነው። በነጻ የተሰጠን ነገር ማማረር ነውር ስለሚመስል፣ «በእግርዎ ረክተዋል?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ሁሉ «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ያልፋል። እርሳቸው ይህን ጥያቄ ትተው ሰውየው በቤቱ የት እንደሚቀመጥ፣ ከብት ሲያልብ ክብደቱን በየትኛው እግሩ እንደሚያሳርፍ፣ በተቆረጠው እግሩ ላይ የሚያጠልቀውን ካልሲስ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀይር ይጠይቃሉ። አንድ የሰናፍጭ ገበሬ ጠዋት ሁለት ካልሲ አድርጎ እንደሚወጣና ከሰዓት በኋላ ሦስተኛውን እንደሚደርብ የነገረን በዚህ መንገድ ነው፤ የተቆረጠው እግር ቀኑ በገፋ ቁጥር ስለሚሟሽሽ መግጠሚያው ይላላበታል። እንዲህ የሚላላውን ለማስጠበብ ወደ ከተማ መመለስ ለቀን ሠራተኛ የቀን ገቢ ማጣት ስለሆነ፣ አገልግሎቱ ነጻ ቢሆንም ጉዞው ነጻ አይደለም። ከጥናታችን ግኝቶች ሁሉ እኔ በግሌ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ሌላው የማደንቅላቸው ነገር ጥንቃቄያቸው ነው። ማንንም ሰው በጎረቤት ፊት እግሩን እንዲያወልቅ አያስጠይቁም፣ ለፎቶግራፍማ ጭራሽ አይፈቅዱም። ሴቶች ሲጠየቁ ሥራውን ለሴት ረዳት አስረክበው ከግቢው ይወጣሉ። ተጠያቂው የተናገረውን ሳያሳምሩና ሳያሳጥሩ ያቀብላሉ፤ ያልገባቸውንም በግምት ከመሙላት ይልቅ መልሰው ይጠይቃሉ። ከሂንዲ ሌላ የአካባቢውን ድሁንዳሪም ስለሚናገሩ፣ ሽማግሌዎች ከእርሳቸው ጋር ሲያወሩ ዘና ይላሉ።

ክፍያቸው ተመጣጣኝ ሲሆን፣ የትራንስፖርትና የምግብ ወጪ ለብቻው ይታሰባል። ጥናቱ ሲያልቅ ውጤቱ በሂንዲ ተጠቃልሎ ለተጠያቂዎቹ እንዲነበብላቸው አስቀድመው ቃል ያስገባሉ፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚሆን ገንዘብ በበጀታችሁ ያዙ። በሜይና በጁን ወራት አትሂዱ። በዚያ ሙቀት መግጠሚያው ውስጥ ላብ ስለሚጠራቀምና ቆዳ ስለሚቆስል ብዙ ሰው እግሩን አውልቆ በክራንች ይውላል፤ ጥናታችሁ በተለይ ስለዚህ ካልሆነ በስተቀር የተዛባ መረጃ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።