ከወሊድ በኋላ ድብርት፦ የንግግር ሕክምና ወይስ መድኃኒት?

ከወሊድ በኋላ ሆድ መባሱና እንባ መቅረቡ ብዙ ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ካልለቀቀ ድብርትን መጠርጠር ነው። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች ከወሊድ በኋላ በድንገት ያሽቆለቁላሉ። እንቅልፍ ማጣቱ ይጨመርበታል። ወጣት እናት ላይ ደግሞ የትምህርት መቋረጥ፣ የገንዘብ ጭንቀት፣ አንዳንዴም የልጁ አባት ዞር ማለት አለ።

ድብርቱ ቀለል ካለ የንግግር ሕክምና፣ ማለትም ከባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ መታከም፣ ይቀድማል። «መጥፎ እናት ነኝ» የሚለው ሐሳብ እዚያ ይፈተሻል። ልጁ ያለቀሰው ስላልወደድሽው ነው ወይስ ስለራበው? ከባል ወይም ከቤተሰብ ጋር ያለው ግጭትም ይነሳል። ጥሩ ነው፤ ግን በየሳምንቱ ልጁን የሚይዝላት ሰው ከየት ይመጣል? ይህን ማንም አይጠይቃትም።

መድኃኒት ይህን ጣጣ ይቀንሳል። መብላትና ከአልጋ መነሳት ካቃታት፣ በወሬ ብቻ ትዳን ማለት ለእኔ ጭካኔ ነው። ታዲያ መድኃኒቱም ወዲያው አይሠራም፤ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል። ብዙዎችን የሚያስፈራው ጡት ማጥባቱ ነው። ሰርትራሊን የተባለው መድኃኒት ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ ለሚያጠቡ እናቶች ብዙ ጊዜ እሱ ይመረጣል። ሻል ሲላት ግን በራሷ ማቋረጥ የለባትም፤ ሊያገረሽባት ይችላል።

ሲጠና ሁለቱም አብረው ይሰጣሉ። ራሷን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት፣ ወይም የሌለ ድምፅ ከሰማች ግን ማማረጥ የለም። በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ትሂድ፤ ብቻዋንም አትተው።